ከሲሶ በላይ አይታጨድም

በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአንዲት የማኅበራችን አባል የቀረበ ንግግር



ሊቀመንበራችን "ስለ ሥራሽ ተናገሪ" ስትለኝ "ስለ ሣር ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?" ብያት ነበር። እሷም "ከምሳ በኋላ ድምፅ የምንሰጠው እኮ ስለ ሣር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። መቱ የሚገኝ አንድ ትልቅ ግቢ ሣሩንና አበባውን የሚንከባከቡለት አሥራ ሁለት ሴቶች ከማኅበራችን በኮንትራት እንዲመጡለት ጠይቋል። ከመካከላችሁ ልጆቻችሁን ያስመዘገባችሁ አላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ሣር ስንከባከብ ኖሬ ወደ ያዮ የተመለስኩ ነኝ። ስለዚህ እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐሳቤንም ከአሁኑ ላስቀድም። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፣ እንቀበለው። የምንቀበልበትን ዋጋና ውል ግን እንደገና እንየው።

ከአሥራ ሦስቱ ዓመት ዘጠኙን የሠራሁት በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ጎልፍ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ መሬት ውስጥ ወዳለች ጉድጓድ የማስገባት ጨዋታ ነው። ጉድጓዷ ስፋቷ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከስኒ አፍ ትሰፋለች፣ ከጀበና ሆድ ትጠባለች። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፣ ትንሹ 9። በአገራችን የጎልፍ ሜዳ በጣት የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ የጎልፍ ክለብ አላት፣ በብሪታኒያ ኤምባሲ ግቢ ውስጥም የጎልፍ ሜዳ አለ። ጨዋታው የጥቂቶች ይሁን እንጂ ሣር አያያዝ በጥልቀት የሚታወቀው እዚያ ነው። በጉድጓዷ ዙሪያ ያለው ሣር ግሪን ይባላል፤ ቁመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኳሷ እንደ ምንጣፍ ላይ እንድትንከባለል ነው። ሣርን በዚያ ቁመት በሕይወት ማቆየት የቻለ ሰው የትኛውንም ግቢ መያዝ አያቅተውም።

ያ ሣር ምን እንደሆነ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰርዶ ነው። እናቶቻችን ከበቆሎ ማሳ እየነቀሉ የሚጥሉት፣ በኦሮምኛ ጮቆርሳ የምንለው ያው ሰርዶ። ሞቃት በሆኑ አገሮች አብዛኛው የጎልፍ ሜዳ በሰርዶ ወገን ነው የሚሸፈነው። አሜሪካ ውስጥ በጆርጂያ ግዛት፣ ቲፍተን በምትባል ከተማ፣ ዶክተር ግሌን በርተን የሚባሉ ተመራማሪ የእኛን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ቀጭን ዘመዱ ጋር አዳቅለው በ1956 እ.ኤ.አ. ቲፍግሪን የተባለውን ዝርያ አወጡ። ኪኩዩ የሚባለውም ሣር ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ወጥቶ ነው በደቡብ አፍሪካና በካሊፎርኒያ ሜዳዎች ላይ የተንሰራፋው። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችን "ሣር አጫጅ" ሲባሉ አንገታቸውን እንዳይደፉ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ደፍቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ "ቢሮ ነው" እያልኩ ዋሽቻለሁ። የማያሳፍር ነገር ሲያሳፍረኝ ኖሯል።

ሣር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ቡና ስናፈላ እንጎዘጉዘዋለን፣ ስንመርቅና ስናመሰግን እርጥቡን በእጃችን እንይዛለን። በኢሉባቦር ደግሞ ሣር አፈር አድኗል። መቱን ማዕከል አድርጎ የሠራው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያስተዋወቀውን ቬቲቨር ብዙዎቻችሁ በማሳችሁ ዳር ተክላችኋል። ሥሩ ወደ ታች እስከ 3 ሜትር ስለሚወርድ ነው ዝናባችን አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ የሚይዘው። ሣር የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ሥራ አያጣም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የሠራሁት ከአንድ ኮንትራክተር ጋር ነው። ስሙን አልጠራም። የሆቴሎችንና የመኖሪያ ግቢዎችን ሣር በጨረታ እየያዘ ያሠራን ነበር። ጨረታ የሚያሸንፈው ከሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ እየሰጠ ነው። ያንን ዝቅ ያለ ዋጋ ከየት እንደሚያመጣው ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ጓንት አልነበረም። የጽሑፍ ውል አልነበረም። በሳምንት ሰባቱንም ቀን እንወጣለን። ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በሌለበት ግቢ ስለምንውል እስከ ማታ ውሃ አንጠጣም ነበር። በዚህ ምክንያት ስንቴ የሽንት ቧንቧ እንደታመምኩ አልቆጥረውም። እኔ ደግሞ ጎበዝ መባል እወድ ነበር። "እሷ እኮ እንደ ወንድ ነው የምትሸከመው" ሲባል ደስ ይለኛል።

በአራተኛው ዓመት፣ በክረምት፣ አንዲት ጓደኛዬና እኔ የማጨጃ ማሽኑን ፒክአፕ ላይ ስንጭን ወገቤ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሐኪም ቤት "ዲስክ ነው" አሉኝ። ሦስት ወር ተኛሁ። የሁለት ዓመት ልጄ እጆቿን ዘርግታ "አቅፊኝ" ስትለኝ ማንሳት አልቻልኩም። እሷም ቆይታ መጠየቅ አቆመች። ከሥቃዩ ሁሉ የማልረሳው ያንን ነው። ኮንትራክተሩ ጋ ስደውል "ሥራ ያቆምሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ውል የለኝ፣ ጡረታ አልተመዘገብኩ፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

"እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ይባላል። ራስ ወዳድን ለመንቀፍ ነው። እኛ ሴቶች ግን የምንሳሳተው በተቃራኒው ይመስለኛል። "ሰርዶው ይብቀል እንጂ እኔ ልሙት" ነው የምንለው። ግቢው አምሮ ሲታይ፣ ልጅ ጠግቦ ሲያድር፣ ባል ሲመሰገን፣ እኛ የት እንዳለን የሚጠይቅ የለም። እኛም ራሳችንን አንጠይቅም።

ከዳንኩ በኋላ በጎልፍ ሜዳው ተቀጠርኩ። እዚያ በዕድሜ የገፉ ፎርማን ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑን ዝቅ አድርጌ ረጅሙን ሣር በአንድ ጊዜ ስላጭደው አስቆሙኝና "ልጄ፣ ሲሶውን ብቻ ውሰጂ። ከሲሶ በላይ አይታጨድም" አሉኝ። ምክንያቱን አስረዱኝ። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ከተወሰደበት ሥሩ ማደጉን ያቆማል፤ ላዩ ለጥቂት ቀን ያምራል፣ ከዚያ ይነጫል፣ በበሽታም ይያዛል። ሣሩ ከረዘመ ደግሞ ቀን እየለዩ፣ ሲሶ ሲሶውን እየቀነሱ ነው ወደሚፈለገው ቁመት የሚያወርዱት። ድርቅ ሲመጣ ወይም ጥላ ሲበዛበት ከፍ አድርገው ይተዉታል። በአገሩ ሁሉ የሚሠራበት ሕግ ይህ ነው። እኔ ግን በዚያን ቀን የሰማሁት ስለ ሣር ብቻ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ከሲሶ በላይ ስታጨድ እንደኖርኩ ገባኝ።

በዚያ ሜዳ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እንዴት ከቀን ሠራተኛነት ወደ ፎርማንነት እንደደረስኩ ትጠይቁኛላችሁ። በጉልበት አይደለም፤ ወገቤ ጉልበት አልነበረውም። በደብተር ነው። ጠዋት ጤዛውን በረጅም ዘንግ እናራግፋለን፤ ጤዛ ቅጠል ላይ ሲቆይ ፈንገስ ያመጣልና። ያን ስጨርስ የዕለቱን ነገር እጽፍ ነበር። የትኛው ግሪን ታጨደ፣ በስንት ቁመት፣ ውሃ ስንት ሰዓት ጠጣ፣ ዝናብ ነበር ወይ። አንድ ጊዜ ግሪኑ ላይ እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ የሆነ ቡናማ ነገር ወጣ። አንዱ ማዳበሪያ አነሰው አለ፣ ሌላው መድኃኒት ይረጭ አለ። እኔ ደብተሬን ገልጬ ሳይ የታመሙት ሁሉ ማታ ማታ ውሃ የሚጠጡት ናቸው። ማታ የተጠጣ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠሉ ላይ ያድራል። ውሃውን ወደ ንጋት አዛወርነው፣ በሽታው ቆመ። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ ወንበር ተሰጠኝ።

ስለዚህ ለልጆቻችን የምለው ይህ ነው። ጥሩ የሣር ሠራተኛ ሥራዋ አይታይም። ሣሩ ሲታመም ሁሉም ያያል፣ ጤነኛ ሲሆን ግን "ዝናብ ነው ያበቀለው" ይባላል። የማይታይ ሥራ የምትሠራ ሴት የሠራችውን ራሷ ካልጻፈች ማንም አይጽፍላትም። ደብተር ትያዝ። ምላጭ መሳል ትማር፤ የደነዘዘ ምላጭ ሣሩን ስለሚቦጭቀው ጫፉ ይነጣል። ማሽን ውስጥ እጇን ከማስገባቷ በፊት ሞተሩን አጥፍታ የካንዴላውን ገመድ ትንቀል። ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘናም ትውሰድ፤ ትምህርት ቤት ገብታ ባትማረውም በልምድ ያወቀችውን ተመዝና ወረቀት መያዝ ትችላለች። ዛሬ በብዙ ከተሞች የኮሪደር ልማት ሥራ ሣርና አበባ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ወረቀት ያላት የቀን ሠራተኛ ሆና አትቀርም።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። በጎልፍ ሜዳ ላይ ተጫዋች በበዛ ጊዜ ጉድጓዷን በየቀኑ ቦታ እንቀይራለን። ሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከቆመ መሬቱ ይጠጥራል፣ ሣሩ ይሞታል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ጠዋት ተንበርክካ አረም የነቀለች ከሰዓት ቆማ ውሃ ታጠጣ። ከባድ ነገር ሁልጊዜ ሁለት ሆነው፣ ከጉልበት ታጥፈው ያንሱ። ማሽን የሚነዳ ጆሮውን ይሸፍን። መድኃኒት የሚረጭ ነፋስን ከጀርባው አድርጎ፣ ጓንትና ቦቲ ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ ይርጭ። ዕቃው ላይ ያለውን የቀለም መስመር አይቶ ይለይ፤ ቀዩ ከሁሉም የከፋው መርዝ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጨርሶ አትርጭ። የረጨችበት ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። የመድኃኒቱ ጀሪካን ደግሞ ምንም ቢታጠብ ዘይትም ውሃም አይያዝበት። ይህን የምለው በየቤቱ ስለማየው ነው።

ከሰውነት ሌላ ልብም ይደክማል። ሣር መንከባከብ ብቻ የሚያውል ሥራ ነው። ንጋት ላይ ወፍ ሲንጫጫ ሜዳውን ብቻዬን የማየው ደስታ ዛሬም ይናፍቀኛል። በክፉ ቀን ግን ብቻ መዋል ሐሳብ ያበዛል። ያን ጊዜ ያቆመኝ ከአራት ሴቶች ጋር የጀመርነው የእሑድ ቡና ነው። እቁብ ስንጥል ብር ብቻ አይደለም የምንጥለው፤ የሳምንቱን ብሶትም እዚያው ጥለን ነው የምንሄደው። አንዷ ከቀረች ሄደን እንጠይቃታለን። ወደ ያዮ ስመለስ ይህንን ማኅበር የፈለግኩት ለዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ኮንትራቱ ልምጣ። ግቢው ያቀረበልንን ዋጋ አይቻለሁ። ከእኛ መካከል "ሌላ ማኅበር እንዳይቀድመን ከዚያም ዝቅ እናድርግ" ያላችሁ አላችሁ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በዚያ ዋጋ ጓንት አይገዛም። የእረፍት ቀን አይከፈልም። አንዷ ብትታመም የምትተካት አትገኝም። ልብ በሉ፣ ኮንትራቱ በማኅበራችን ስም ነው። የአሥራ ሁለቱ ልጆች አሠሪ ግቢው አይደለም፣ እኛ ነን። ዋጋውን ዝቅ ስናደርግ የምናጭደው ከልጆቻችን ነው፣ ያውም ከሲሶ በላይ። እኔን ያሠራኝ ሰው ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ዋጋ ዝቅ እያደረገ እያደረገ ነው እዚያ የደረሰው። እኛም በመልካም ልብ ጀምረን እዚያው እንዳንደርስ እፈራለሁ።

ሕጉ አስቦበታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት እረፍት አለ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። የታመመች ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ታገኛለች። የወለደች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር አላት። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን ሁሉ ያኔ ባውቅ ኖሮ ስልኩን ዘግቼ አላለቅስም ነበር።

ስለዚህ በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይጻፍ እላለሁ። አንደኛ፣ የእረፍት ቀን፣ የሕመም ፈቃድና የጡረታ መዋጮ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ጓንት፣ ቦቲና የጆሮ መሸፈኛ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይገዛ፤ ለሴቶች መጸዳጃ ቤትና የሚጠጣ ውሃ ግቢው ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ቀን ልጆቹ ማሽን፣ ችግኝና መድኃኒት አያያዝ የሚማሩበት ይሁን፤ ከዓመት በኋላ ምዘና ይውሰዱ። ግቢው እምቢ ካለ አሥራ ሁለት የነበረው ስምንት ይሁን፣ የምንይዘው ቦታ ይነስ። ስምንት ልጆች በጤና ሠርተው ቢመለሱ ይሻለኛል።

ደጋፊዎቻችን፣ ባለፈው "ምን እንግዛላችሁ?" ስትሉን ብዙዎቻችን "ማሽን" ብለናል። ማሽኑም ያስፈልጋል። ግን ቅድሚያ ለመከላከያ ልብሱና ለሥልጠናው ስጡልን። ማሽን ያለ ሥልጠና ጣት ይቆርጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላንሳ። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም.፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ በዩኔስኮ ባዮስፌር ተብሎ ሲመዘገብ 167,021 ሄክታሩ በሦስት ተከፈለ። ዳር ያለው ይታረሳል፣ ይኖርበታል። መካከለኛው ቡና ይለቀምበታል፣ በልክ። እምብርቱ ግን አይነካም። እኛ የዚህ ደን ልጆች ነን፣ አሠራሩን እናውቃለን። እምብርቱ ሳይነካ ስለቀረ ነው ዳሩም የሚያበላን። ለልጆቻችንም እንዲህ እናድርግላቸው። ጉልበታቸውን ይሥሩበት፣ ዕውቀታቸውን ይሽጡት። ወገባቸው፣ እንቅልፋቸው፣ ልጅ የሚያቅፉበት ክንድ ግን በየትኛውም ኮንትራት ውስጥ አይግባ።

ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ላቅፋት ስል "ትልቅ ሆኛለሁ" ትለኛለች። ያመለጠኝ አይመለስም። የእናንተ ልጆች ግን ገና ነገ ነው የሚጀምሩት።

እንግዲህ ከምሳ በኋላ እጃችሁን ስታነሱ ይህን አስቡልኝ። ሰርዶውም ይብቀል፣ እኛም እንኑር።